ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረስ የሚገዛ ሰው ድንጉላ አይግዛ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 36 ዓመት፣ ክብደቴ 82 ኪሎ ነው። የምኖረው አዊ ውስጥ እንጅባራ ነው። አባቴ ፈረሰኛ ነበሩ፤ እኔ ግን በትምህርትና በሥራ ምክንያት ከፈረስ ርቄ ስላደግሁ በቅጡ ጋልቤ አላውቅም። ለዘንድሮው የጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንዲደርስልኝ የመጀመሪያዬን ፈረስ ልገዛ ነው። አንድ ነጋዴ የሦስት ዓመት ዳማ ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ) አሳይቶኛል። ‹ጥርሱን ጨርሷል፤ ፈጣን ነው፤ ካንተ ጋር እየተላመደ ያድጋል› ይለኛል። ከጓሮዬ በረት አለኝ፤ ገለባና ፉርሽካ ለመቀለብ አስቤአለሁ። በዓሉ ሦስት ወር ስለቀረው ቶሎ መወሰን አለብኝ። ምን ምን ልይ?»

ምላሽ፦ ነጋዴው የነገረዎት ነገር እርስ በርሱ ይጋጫል። የሦስት ዓመት ፈረስ ጥርሱን ሊጨርስ አይችልም። ፈረስ የመሃለኞቹን ሁለት የፊት ወተት ጥርሶች የሚለውጠው በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ነው፤ ቀጥለው ያሉት በሦስት ዓመት ተኩል፣ የዳር ዳሮቹ ደግሞ በአራት ዓመት ተኩል ገደማ ይለወጣሉ፤ ጥርሱን ጨረሰ የሚባለው አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። ስለዚህ ወይ ዕድሜው ወይ ጥርሱ በትክክል አልተነገረዎትም። ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ከፊት ያሉትን ይመልከቱ፤ መሃል ላይ ሰፋፊና ቢጫ ቀመስ ጥርሶች፣ ዳርና ዳር ላይ ግን ትናንሽ፣ ነጫጭና አንገታቸው የቀጠነ ጥርሶች ካዩ ፈረሱ ገና ልጅ ነው።

«ጥርሱን ጨርሷል» የሚለው አነጋገር እውነት በሚሆንበት ጊዜም ቢሆን የሚነግረን ፈረሱ ከአምስት ዓመት ማለፉን ብቻ ነው፤ የስድስት ዓመት ይሁን የአሥራ ስድስት አይለይም። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚታየው የጥርሱ አናት ነው። በታችኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶች አናት ላይ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ከመሃለኞቹ ላይ በስድስት፣ ከቀጣዮቹ ላይ በሰባት፣ ከዳሮቹ ላይ በስምንት ዓመት ገደማ ይጠፋል። በላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድዱ ሥር የሚጀምር ቁልቁል የተሰመረ ቦይ በአሥር ዓመት ገደማ ይታያል፤ በአሥራ አምስት ዓመት የጥርሱን እኩሌታ፣ በሃያ ዓመት ሙሉውን ይደርሳል። ድንጋያማ መሬት ላይ የሚግጥ ወይም ጭቃ የበዛበት ገለባ የሚበላ ፈረስ ጥርሱ ቶሎ ስለሚያልቅ ይህ ሁሉ በአንድና በሁለት ዓመት ሊሳሳት ይችላል። የአምስትና የአሥራ አምስት ዓመቱን ለመለየት ግን ከበቂ በላይ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት «ካንተ ጋር ያድጋል» የሚለው ነው። ፈረስ ቁመቱን ቶሎ ይጨርሳል፤ ዐፅሙ ግን አይጨርስም። ከእግር አጥንቶች ይልቅ ዘግይተው የሚጠነክሩት የአከርካሪ አጥንቶች ሲሆኑ፣ እነዚህ ማደጋቸውን የሚጨርሱት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ኮርቻውም ሰውየውም የሚያርፉት እነሱ ላይ ነው። በሦስት ዓመቱ ከባድ ሰው ተሸክሞ የሸመጠጠ ፈረስ የሚጎዳው ያኔ ሳይሆን በስምንትና በዘጠኝ ዓመቱ፣ ጀርባው ሰርጉዶና ወገቡን እያመመው ነው። ሌላው ነገር የትምህርት ጉዳይ ነው። ያልተገራ ፈረስና ያልሠለጠነ ጋላቢ አንዱ ሌላውን ሊያስተምር አይችልም፤ ፈረሱ ሲደነብር እርስዎ ዛቡን (የልጓሙን መያዣ ጠፍር) አጥብቀው ይይዛሉ፤ ዛቡ ሲጠብቅ ልጓሙ አፉን ይቆርጠዋል፤ አፉን ሲያመው ደግሞ ይበልጥ ይደነብራል። በአገራችን የተለመደው ባለቀለበት ልጓም በታችኛው መንጋጋ ዙሪያ የሚገባ ብርቱ መሣሪያ በመሆኑ፣ በልምድ ያልላላ እጅ ሲይዘው በአንድ ቀን ምላስ ይሰነጥቃል።

ድንጉላነቱ ነገሩን ያባብሰዋል። ድንጉላ ፈረስ ለሠለጠነ ሰው መልካም ነው፤ አባትዎም ምናልባት የሚወድዱት ድንጉላ ነበር። እርስዎ ይዘውት ሊገቡ ያሰቡት ግን እጅግ ብዙ ፈረስ፣ ከመካከላቸውም ድንጉላ የምትፈልግ ባዝራ (ሴት ፈረስ)፣ ጭብጨባ፣ ሆታና ጡሩምባ ወዳለበት ሜዳ ነው። በዚያ ቦታ ድንጉላን ጸጥ አድርጎ መያዝ የዓመታት ሥራ ነው፤ አደጋው ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ከጎንዎ ለቆሙት ሕፃናትም ነው። «ገዝቼ አኮላሸዋለሁ» የሚሉ ከሆነም ይህ በቶሎ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። መኮላሸቱ በእንስሳት ሐኪም፣ በማደንዘዣ፣ ዝንብ በማይበዛበት ደረቅ ወቅትና መንጋጋ ቆልፍን (ቴታነስን) የሚከላከል መድኃኒት ተሰጥቶ መፈጸም አለበት፤ ቁስሉ እስኪድን ሳምንታት ይፈጃል፤ ፈረሱም ከተኮላሸ በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት ባዝራ ሊያስረግዝ፣ የድንጉላ ጠባዩንም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ይዞ ሊቆይ ይችላል። በልማድ በእንጨት ቀጥቅጦ ማኮላሸት የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ አያስቡት።

አሁን ማንም ያልነገረዎትን ልንገርዎ፤ ክብደትዎን። የደጋው ፈረሳችን ጠንካራ ነው፤ በአዊ እንደሚታየው ሞፈርና ቀንበርም ይጎትታል፤ በቁመናው ግን ትንሽ ነው። ሚዛን ባይኖርም የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቹ በስተኋላ ደረቱን ዙሪያውን በሴንቲሜትር ይለኩ፤ ቀጥሎም ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ይለኩ። የደረቱን ልክ በራሱ ያባዙ፣ በርዝመቱ ያባዙና ለ11,880 ያካፍሉ፤ የሚወጣው ግምታዊ ኪሎው ነው። ደረቱ 148፣ ርዝመቱ 128 የሆነ ፈረስ 236 ኪሎ ገደማ ይመዝናል ማለት ነው። ቀመሩ በትልልቅ የውጭ ፈረሶች ላይ የተሠራ በመሆኑ በእኛዎቹ ላይ ጥቂት ሊሳሳት ይችላል። በሌሎች አገሮች የፈረስ ባለሙያዎች የሚመክሩት ጋላቢውና ኮርቻው በድምሩ ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጡ ነው፤ ለ236 ኪሎ ፈረስ ይህ 47 ኪሎ ነው። እርስዎ ከነኮርቻዎ 90 ኪሎ ቢሆኑ የፈረሱን ክብደት 38 በመቶ ይጭኑበታል። ይህ ልክ በአገራችን በየቀኑ እንደሚጣስ አውቃለሁ፤ አጥንተ ወፍራምና ወገበ አጭር የሆነ የደጋ ፈረስም ከዚህ በላይ ለአጭር ጊዜ ሊሸከም እንደሚችል አልክድም፤ ነገር ግን ወደ 40 በመቶ መጠጋት በማንኛውም መለኪያ የበዛ ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ደረቱ ከ160 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱም ከ140 ያላነሰ፣ ማለትም ወደ 300 ኪሎ የሚጠጋ ፈረስ ያስፈልጋል። በአካባቢዎ ይህን የሚያህል ጥቂት ነው፤ ለዚህም ነው መቸኮል የማይጠቅመው። እስከዚያው ድረስ ከራስዎ ክብደት የሚቀንሱት እያንዳንዱ ኪሎ ለፈረሱ ውለታ ነው።

እንግዲህ ሊፈልጉ የሚገባው ዕድሜው ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነ፣ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ዓመት በዓል ላይ የዋለ፣ ሰንጋ (የተኮላሸ) ፈረስ ነው። ያላረገዘች ረጋ ያለች ባዝራም ትሆናለች፤ ችግሯ በበዓሉ ሰሞን ድንጉላ ከፈለገች የሌሎችን ድንጉሎች መሳቧ ነው። እንዲህ ያለውን ፈረስ ገበያ ውስጥ ብዙ ጊዜ አያገኙትም፤ ጥሩ ፈረስ ያለው ሰው የሚሸጠው ለሚያውቀው ነውና። እርስዎ ግን ሌሎች የሌላቸው ዕድል አለዎት። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር መንደር ለመንደር አባላት አሉት። ዕድሜ የገፋቸው፣ ወይም ልጆቻቸው ከተማ የገቡባቸው ፈረሰኞች ፈረሳቸውን ለጋሪ ከመሸጥ ይልቅ ለአንድ የወዳጅ ልጅ መስጠት ይመርጣሉ። በአባትዎ ስም ይጠይቁ፤ ፈረሱ ባለፈው ዓመት ማን ጋልቦት፣ የት ቆሞ፣ ምን እንዳደረገ የሚመሰክሩ ሰዎች ያገኛሉ። ነጋዴ ዘንድ ያለ ፈረስ ይህ ታሪክ የለውም።

ፈረሱን ለማየት ሲሄዱ ሳይነግሩ በማለዳ ይሂዱ። ቀድሞ ያወቀ ሻጭ ቁጡውን ፈረስ ሲያስሮጠው አድሮ አድክሞ ሊጠብቅዎት ይችላል፤ የደከመ ፈረስ ደግሞ ሁሉ ጨዋ ነው። በረቱ ውስጥ እንዳለ ይመልከቱት። ባለቤቱ ሲቀርበው ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል? ልጓም ሲያዩበት ራሱን ወደ ላይ ያነሣል? አራቱንም እግር ያለ ግብግብ ያስነሣል? ኮርቻ ሲጭኑበት ወገቡን ሰበር ካደረገ ወይም ለመንከስ ከዞረ ጀርባውን ያመዋል። ኮርቻው ሳይጫን ጫንቃውንና የወገቡን ግራ ቀኝ በመዳፍዎ ጫን እያሉ ይዳስሱ። በዳማ ጀርባ ላይ ብር የሚያህል ነጭ ጠጉር ካዩ ያ ውበት አይደለም፤ ቀድሞ በኮርቻ ተገጥቦ የዳነ ቁስል ነው። አንዱ ብዙም አያሳስብም፤ በግራና በቀኝ ሲሆን ግን ኮርቻው ወይም ጀርባው እንደማይስማማ ያመለክታል።

አፉን በጥርሱ ብቻ አይለፉት። ምላሱን በጎን ሳብ አድርገው ከፊት ጥርስና ከመንጋጋ መካከል ያለውን ባዶ ድድ ይዩ፤ ጠባሳ ወይም የተሰነጠቀ ምላስ ካለ ፈረሱ የሚቆመው ስለተገራ ሳይሆን ስለሚያመው ነው። ድዱን በአውራ ጣትዎ ተጭነው ሲለቁ ደሙ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ሊመለስ ይገባል። ከመንጋጋው አጥንት ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የሚመታውን የደም ሥር ይዘው ይቁጠሩ፤ ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፣ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፣ ሙቀቱም 37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ከመንጋጋው ሥር ያበጠ ዕጢና ከአፍንጫው የሚወርድ ወፍራም ፈሳሽ ካዩ እጅዎን ታጥበው ይመለሱ፤ በሽታው ተላላፊ ነው።

ቀጥሎ እግሩ ነው። ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ አንድ ሰው ሉኮውን (የመሳቢያ ገመዱን) ላላ አድርጎ ይዞ በሶምሶማ ወደ እርስዎና ከእርስዎ ያመላልሰው። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት በነካ ቁጥር ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። ሰኮናውን ያንሡ፤ ጥቁርና የሚሸት ከሆነ በረቱ እርጥብ ነው፤ ይህ ይድናል። የሰኮናው ግድግዳ ዙሪያውን የተዛባ ቀለበት በቀለበት ከሆነ ግን ቀድሞ በእህል ብዛት የሰኮና ብግነት ይዞት ሊሆን ስለሚችል ተመልሶ ሊነሣበት ይችላል። በእግሩ፣ በደረቱና በአንገቱ ላይ ከቆዳው ሥር እንደ ክር ላይ ዶቃ ተደርድረው የሚዳሰሱ እብጠቶች ካሉ፣ አንዳንዶቹም ፈንድተው መግል የሚያወጡ ከሆነ፣ ያ በተለይ የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃው የሻጋታ በሽታ፣ ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይትስ የሚባለው ነው። ከተስፋፋ በኋላ የሚያዋጣ ሕክምና የለውም፤ በዝንብ፣ በቁስልና በተዋዋሱት ኮርቻ ወደ ሌሎች ይተላለፋል። እንዲህ ያለ ፈረስ በነጻ ቢሰጥዎትም አይቀበሉ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ይጋልበው፤ እርስዎ ቆመው ይመልከቱ። ደፍሮ የማይቀመጥበት ከሆነ ነገሩ አለቀ። ቀጥሎ ልምድ ያለው ወዳጅዎ፣ በመጨረሻም እርስዎ በእርምጃ ብቻ ይቀመጡበት። አስፋልት ዳር ወስደው ባጃጅና የጭነት መኪና ያሳልፉበት። ይህን ሁሉ ጨርሰው ደስ ቢልዎትም ያን ቀን አይክፈሉ፤ ከአምስት ከስድስት ቀን በኋላ እንደገና ሳይነግሩ ይምጡና የእግሩን ምርመራ ብቻ ይድገሙት። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሽባ የሚያህለውን ፈረስ ለቀናት አስተካክሎ ሊያስኬድ ይችላል። ሁለተኛውን ጊዜ ከእንስሳት ሐኪም ጋር ቢሄዱ ለሐኪሙ የሚከፍሉት ከማንኛውም ወጪዎ የሚያዋጣው ነው። ሆኖም ሐኪም ሊያየው የማይችለውንም ይወቁ። የአንድ ቀን ምርመራ የዛሬን ጤና እንጂ እየተመላለሰ የሚነሣ የሆድ ቁርጠትን፣ ገና ያልወጣ በሽታን፣ ወይም ፈረሱ በሰው ጫጫታ መሃል የሚያሳየውን ጠባይ አይነግርም።

ስለ መልክ አልጠየቁኝም፤ ነገር ግን ዳማነቱን መጥቀስዎ አላመለጠኝም። ቦራ ገድ አለው፣ አምባላይ ግርማ አለው፣ የግንባሩ ዙሪት እንዲህ ከሆነ ባለቤቱን ይቀብራል የሚሉትን ለሚያምን ሰው ክርክር የለኝም፤ ለዚያ ግን ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ።

የቀለቡ ሐሳብዎ ይስተካከል። ፈረስ የሚያመሰኳ እንስሳ አይደለም፤ ገለባን እንደ በሬ አድርጎ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ጨጓራውም ትንሽ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት መብላት አለበት። በገለባ ብቻ የሚያድር፣ በተለይም ውሃ ያጠረው ፈረስ አንጀቱ ይደፈናል። መሠረቱ ግጦሽና ደህና ድርቆሽ ይሁን፤ በደረቅ ሚዛን ከክብደቱ ሁለት በመቶ፣ ለ300 ኪሎ ፈረስ 6 ኪሎ ያህል በቀን ይቁጠሩ። የጤፍ ገለባ መሙያ ሊሆን ይችላል። ፉርሽካ ብቻውን ሲበዛ ፎስፈረሱ ካልሲየሙን ስለሚያሸንፍ ከወራት በኋላ የፊቱ አጥንት ያብጣል፣ እግሩም ያነክሳል፤ በቀን ከአንድ ኪሎ በታች ያቁሙት። ገብስ የሚጨመረው ሲሠራ ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ተኩል አይብለጥ፤ መጠኑም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይደግ። ለበዓል ይበርታልኝ ብሎ አንድ ሌሊት ቁና ገብስ መስጠት ፈረስን የሚገድል ፍቅር ነው፤ ፈረስ ማስታወክ አይችልምና የነፋው ጨጓራ ሊቀደድ ይችላል። የዶሮ መኖን ደግሞ ፈጽሞ አያስጠጉት፤ በአንዳንዱ ውስጥ የሚጨመረው የኮክሲዲያ (የዶሮ አንጀት በሽታ) መከላከያ ለዶሮ መድኃኒት፣ ለፈረስ ግን የልብ መርዝ ነው። አሞሌ ጨውና በቀን ከ20 ሊትር ያላነሰ ንጹሕ ውሃ ዘወትር ይኑረው።

የመግዣው ጊዜም ከበሽታ ጋር ይያያዛል። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለው በትናንሽ ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፍ ሲሆን፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ ይበረታል። ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ሲያብጥ፣ ወይም ከአፍንጫው አረፋ ሲወጣ አብዛኛው ፈረስ አይተርፍም፤ የሚያድን መድኃኒትም የለም፤ ያለው ክትባት ነው፤ እሱም ቢሾፍቱ ይመረታል። ፈረሱ መከተቡን በቃል ሳይሆን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያረጋግጡ፤ ካልተከተበ ገዝተው ያስከትቡት፣ ለሁለት ሳምንትም ከከባድ ሥራ ያሳርፉት። ብቻውን እንዳይሆን አህያ ልጨምርለት ካሉ መልካም ነው፤ ግን አህያ የሳንባ ትልን ሳያስል ስለሚሸከም ቀድመው የትል መድኃኒት ያስጠጡት፤ አለዚያ የሚያስለው ፈረስዎ ነው።

ውሳኔዬ ይህ ነው። ዳማውን ድንጉላ ይተዉት። የዘንድሮን ጥር 23 ቆመው ይመልከቱ፤ ሜዳው ላይ የትኛው ፈረስ ተረጋግቶ እንደዋለ፣ የማን እንደሆነም ይመዝግቡ፤ ለሚመጣው ዓመት የሚገዙት ከእነዚያ መካከል አንዱን ነው። እስከዚያ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ በሰው ፈረስ ላይ፣ መጀመሪያ ያለ ልጓም ሌላ ሰው ሉኮውን እየሳበ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ ይለማመዱ፤ ራስዎ ላይ የብስክሌት ቁር እንኳ ቢሆን ያድርጉ። ከሶምሶማ በሚፈጥነው በደንገላሳ ላይ ሚዛንዎን ሳያጡ በአንድ እጅ ዛብ መያዝ ሲችሉ ግዢው ይጀመር። ከያዙት ገንዘብ ሲሶውን ለኮርቻ፣ ለድርቆሽና ለሐኪም ለይተው ያስቀምጡ፤ ኮርቻውን ፈረሱ ከተገዛ በኋላ በጀርባው ልክ እንጂ አስቀድመው አይግዙ። ሲገዙም በሁለት ምስክር ፊት ውል ይጻፉ፤ የፈረሱን መልክና ምልክት፣ ሻጩ የሚያውቀውን ሕመም፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቢያነክስ ወይም ቢያስል ተመልሶ ገንዘቡ እንደሚሰጥ ይግባበት፤ የሽያጭ ደረሰኙንም ይያዙ። ሐኪም እንዳያየው ወይም ይህ ቃል እንዳይጻፍ ከሚከራከር ሻጭ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ አይግዙ። ፈረሱ ቤትዎ እንደገባ ለሦስት ሳምንት ከጎረቤት ፈረሶች ለይተው ያቆዩት፤ በእነዚያ ሳምንታት የራሱን ባልዲና የራሱን ግላስ ይጠቀም፤ ጠዋት ጠዋት ሙቀቱን ይለኩ፤ ከ38.5 ካለፈ ኮርቻ ሳይጭኑ ሐኪም ይጥሩ።